እናቴ ያቃታት ደንበኛ

የናፍጣ ሽታ ሲመጣብኝ አፍንጫዬን አልይዝም። ባለፈው ሳምንት ላፍቶ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ተሳቢ መኪና አጠገባችን ቆሞ ጭሱን ለቀቀብን። ሰው ሁሉ በነጠላውም በእጁም አፍንጫውን ሲሸፍን እኔ ብቻ ወደ ውስጥ ሳብኩት። የአባቴ ጃኬት እንደዚያ ነበር የሚሸተው። በደርግ ጊዜ አባቴ ከአሰብ ወደብ ጭነት የሚያመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ እናቴ ደግሞ የሕይወት ኢንሹራንስ ትሸጥ ነበር።

ያኔ ነፋስ ስልክ ውስጥ የሕይወት ኢንሹራንስ መሸጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ገና ቦርሳዋን ስትከፍት "ሟርትሽን ይዘሽ ሂጂ!" ብለው በር የዘጉባት ብዙ ናቸው። "እድር አለን፣ ይበቃናል" የሚሉም ነበሩ። እሷ ግን አትቀየምም፤ በሳምንቱ ተመልሳ ትሄዳለች። በምሳ ሰዓት የፋብሪካ ሴቶች ጋዋናቸውን ሳያወልቁ ሣር ላይ ሲቀመጡ አብራቸው ትቀመጣለች። ስለ ልጆቻቸው ትጠይቃለች፤ ስለ ትምህርት ቤት ታወራለች። ሞት የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም። "ክፉ አይንካችሁና..." ትልና ዝም ትላለች። የቀረውን ሴቶቹ ራሳቸው ይጨርሱታል።

ወንዶቹ ባልደረቦቿ መጀመሪያ ላይ "ሴት ስለሆነች አዝነውላት ነው የሚፈርሙላት" ይሉ ነበር። ኮከብ ሠራተኛ ተብላ ስትሸለም ግን ይህን ማለት ተዉ። ሽልማቷ ሬዲዮ ነበር። አባቴ ከመንገድ ሲመለስ ሬዲዮውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በመሀረቡ ይወለውለዋል፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ "የእሷ ነው" ይላል። ያ ኩራቱ አሁንም ይታየኛል።

እንዲህ እየኮራባት ታዲያ እሱ ራሱ ኢንሹራንስ አልገባም ነበር። እሷም ጠይቃው አታውቅም።

አንድ ክረምት የአባቴ የሥራ ጓደኛ አሰብ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ሚስቱ ከሐዘኑ በኋላ ቤታችን መጥታ እናቴን "ምናልባት አንቺ ጋ ተመዝግቦ ይሆን?" ብላ ጠየቀቻት። አልተመዘገበም። እናቴ እጇን ይዛ አብራት አለቀሰች።

ከዚያ ቀን ወዲያ እናቴን እንቅልፍ እንቢ አላት። አባቴ በዚያው መንገድ ሊሄድ ቀኑ ተቆርጧል። ራት ስታቀርብለት "እኔ የምልህ..." ትላለች፤ እሱ ቀና ሲል "ወጡ ጨው አልበዛበትም?" ትለዋለች። አባቴ ያን ሰሞን ሙሉ ስለ ጨው ተጠየቀ። እኔ፣ የሰው ሥቃይ የማይገባኝ ኮረዳ፣ ሳቄ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን "ያን ሁሉ ሰው ታሳምኚ የለም እንዴ? ለምን አትነግሪውም?" አልኳት።

"ለሰው ስናገር ሥራዬ ነው" አለችኝ። "ለእሱ ልናገር ስል ግን ሬሳው ይታየኛል።"

ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው የእናቴ ጓደኛ መጣች። መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ በሽያጭ የምትፎካከራት እሷ ብቻ ነበረች፤ ደንበኛ ከቀማቻት እናቴ አኩርፋ ትሰነብታለች። ያን ዕለት ግን የጠራቻት እናቴ ራሷ ናት። ሻይ ቀዳችላትና "ልብስ ላለቅልቅ" ብላ ጓሮ ወጣች። የታጠበ ሸሚዝ እንደገና ስታጥብ በመስኮት ትታየናለች።

ጓደኛዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ "ጋሼ፣ ክፉ አይንካዎትና..." ብላ ጀመረች።

አባቴ የማን ቃል እንደሆነ አወቀው። "እሷ ናት የላከችሽ?" አላት።

"አዎ" አለች። ቅጹን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

አባቴ በመስኮቱ ወደ ጓሮ አየ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታናለች፤ እጆቿ ሳፋው ውስጥ እንዳሉ ቆመዋል። የውኃው ድምፅም ጠፍቷል። ከዚያ ወደ እንግዳዋ ዞሮ "የቱ ጋ ነው የምፈርመው፣ እህቴ?" አላት።

ፈርሞ ሲያበቃ ወጥቶ ሸሚዙን ከእጇ ተቀበላትና ጨምቆ አሰጣላት። ስለ ኢንሹራንሱ አንድም ነገር አልተነጋገሩም። በማግስቱ ሄደ፤ ደህና ተመለሰ። ከዚያም በኋላ ስንት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። ጡረታ ወጥቶ ቤት ሲውል "አልሞት ብዬ ለመሥሪያ ቤትሽ ስከፍል ከሰርኩ" እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷም "ኪሳራው ይብዛ!" ትለዋለች።

የቀደመችው እሷ ናት። ቀላል የመሰለን ሕመም ነበር የወሰዳት። ከቀብር መልስ ሰዉ ቀለል ሲል አባቴ ድንኳኑ ጥግ ላይ ብቻውን ቀረ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩና እጁን ያዝኩት።

"ለእኔ መሄድ ሁላችንም ተዘጋጅተን ነበር" አለኝ። "ስለ እሷ ግን መጥቶ የነገረኝ ሰው የለም።"