በለስ ሆዴን የዘጋ ጊዜ

የልጅ ልጄ ዛሬ በለስ ልጣ በሳሕን አስቀመጠችልኝና ወደ ሥራዋ ሮጠች። ገና ሳየው ደከመኝ። በዚህ ዕድሜ መብላትም ሥራ ነው፤ ማኘኩ ሥራ፣ መዋጡ ሥራ፣ ሆድ ደግሞ እንደ አሮጌ ወፍጮ ሲፈልግ ይፈጫል፣ ሲፈልግ ይቆማል።

ልጅ እያለሁማ ሆድ እንዳለኝም አላውቅ! በጃንሆይ ጊዜ፣ አስመራ፣ ብረት ቀጥቃጮቹ ከሚሠሩበት ከመደበር ገበያ ጀርባ፣ ብዙ ቤተሰብ ባንድ ግቢ እንኖር ነበር። ክረምት ሲገባ የረጠበ አፈርና የበለስ ሽታ መንደሩን ይሞላዋል። ትልልቆቹ «በለስ በባዶ ሆድ አይበላም፣ ፍሬው አንጀት ውስጥ ይቋጠራል» ይሉናል። እኔ ደግሞ አንድ ጠዋት፣ ቁርስ ሳልቀምስ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ማን ብዙ ይበላል ብዬ ተወራረድኩ። አሸነፍኳቸው።

ሆዴም ተዘጋ። ሽንት ቤት እገባለሁ፣ እንደገባሁ እወጣለሁ። እንደ ከበሮ ተነፋሁ። እናቴ «እስከ ነገ ካልወጣላት ሆስፒታል ነው፣ ሆዷን ቀደው ያወጡታል» ስትል ሰማሁና ቀልዴ ሁሉ ጠፋ።

ታላቅ እህቴ ለተብርሃን ተማሪ ነበረች። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ አማርኛዬንም ከእሷ አፍ ነው የለቀምኩት። ሆዴን በጣቷ እየነካካች አስረዳችኝ፦

«ምግብ ጨጓራ ውስጥ ይላማል። ቀጭኑ አንጀት ጥሩ ጥሩውን መጥጦ ለደም ይሰጣል፤ ገለባው ወደ ወፍራሙ ይወርዳል። የበለስ ፍሬ ግን አይላምም፤ ተጠራቅሞ በሩን ዘጋብሽ።»

«እና ጣፋጩ ደሜ ገባ፣ ፍሬው ተከራይ ሆኖ ቀረ?»

«እወ! አልወጣም ያለ ተከራይ።»

«አስወጪልኛ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ!» ብዬ አለቀስኩ።

እናቴ ተልባ በሙቅ ውሃ በጥብጣ አጠጣችኝ፣ ጎረቤታችን አደይ ለምለም ሆዴን በዘይት አሸችኝ። ግቢው ሥራውን ትቶ ሽንት ቤቱ ደጅ ተሰበሰበ። «ወጣልሽ?» ይላሉ። «ገና!» እላለሁ፣ እያማጥኩ። በመጨረሻ ወጣ! አደይ ለምለም እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሙሽራ የወጣች እንጂ ልጅ ከሽንት ቤት የወጣች አይመስልም። እናቴ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

ያኔ ያንድ ልጅ አንጀት የግቢው ሁሉ ጭንቀት ነበር። ዛሬ ስለ ሆዴ የሚጠይቀኝ ሐኪሙ ብቻ ነው፤ እሱም ቀና ብሎ ሳያየኝ። ሲያመኝ በሬን ዘግቼ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ እስኪያልፍልኝ ሆዴን ራሴ አሻለሁ። ውጭ የሚጠብቅ የለም፤ ቢሻለኝም እልል የሚል የለም።