ያለ ውሃ የተዋጠው ክኒን

መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ግትር ነበሩ፤ ይኼን ማንም አይክደውም። ጉልበታቸው ካበጠ ስንት ዓመቱ፣ ማኅሌት ላይ ተቀመጡ ቢሏቸው እንደ ስድብ ይቆጥሩት ነበር። ጓሳ ጥግ ያለችው ደብራቸው ብርዷ አጥንት ይሰብራል፤ እሳቸው ግን አርባ ዓመት ሙሉ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመውባታል። ልጃቸው ሸዋረግ ፋርማሲስት ሆና መሐል ሜዳ አንድ መድኃኒት ቤት ስትቀጠርማ፣ እንግዲህ ጉልበቴ ባለሙያ አገኘ እያሉ ለአገሩ ሁሉ አወሩ።

ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰጠቻቸው። የቅኔ ሰው ናቸውና ዝም ብሎ መዋጥ አይሆንላቸውም፤ ሥራውን ካልነገርሽኝ ብለው ያዟት። ሰውነት ሲጎዳ ሕመምና እብጠት የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር እንደሚያመነጭ፣ ክኒኑም እሱ እንዳይመረት እንደሚያግድ አስረዳቻቸው። ችግሩ፣ ጨጓራን ከራሱ አሲድ የሚጠብቀውን ልባስ የሚያሠራውም ያው ንጥረ ነገር ነው። ክኒኑ ጉልበትና ጨጓራ ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱም ጋ ያግደዋል። ስለዚህ ሳይበሉ እንዳይወስዱት አደራ አለቻቸው።

መሪጌታ ጥቂት አሰብ አደረጉና፣ "እንዲያ ከሆነማ ጉልበቴን አላዳነውም፤ እንዳይጮህ አፉን ያዘው እንጂ" አሏት። ሸዋረግ ሳቀች። አምስት ዓመት የተማረችውን በአንድ ቃል ጨረሱት፣ ምን ታድርግ!

ዓቢይ ጾምን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀማምሰው እየዋጡ በሰላም ተወጡት። ሕማማት ሊገባ ሲል በገበያ ቀን መሐል ሜዳ ወርደው መድኃኒት ቤቱ መጡ። ሰው ተሰልፏል፤ ሸዋረግ ቀና የምትልበት ፋታ የላትም። በሰው ትከሻ ላይ አሻግረው፣

"ሸዋዬ፣ ይኼ ክኒን ጾም ያስገድፋል እንዴ?" አሏት።

"መድኃኒት ጾም አያስገድፍም፣ አባባ" አለች፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ።

መርቀዋት ሄዱ። በቃ፣ ያለችው ይኼው ነው። ለምን ጠየቁኝ አላለችም። አባቷ በየዓመቱ ከጸሎተ ሐሙስ ጀምረው እስከ ትንሣኤ እህል ውሃ ሳይቀምሱ እንደሚያከፍሉ፣ በዚያ ላይ ዓርብ ስቅለት ቀኑን ሙሉ ሲሰግዱ እንደሚውሉ እያየች ያደገች ልጅ ናት። ይኼ ይረሳል? ረሳችው።

የሆነውን በኋላ የነገረቻት እናቷ ጌታነሽ ናት። መሪጌታ አክፍሎታቸውን ከያዙ ጀምሮ ክኒኑን ጠዋትም ማታም ዋጡ። ውሃ ጾሙን ያፈርሳል ብለው በደረቅ ጉሮሯቸው ነበር የሚውጡት። ስትቆጣቸው፣ ልጄ ፈቅዳልኛለች፣ እሷ ታውቃለች አሏት። ዓርብ ዕለት ሁለት ሁለት ወሰዱና እንደ ጎረምሳ ሰገዱ፤ ምእመኑ ጉድ አለ። ቅዳሜ ሰገራቸው እንደ ጥላሸት ጠቆረ። ጾሙ ነው ብለው ናቁት። በትንሣኤ ጠዋት ለመግደፊያ የቀረበላቸውን ተልባ ሳይቀምሱ ደም አስመለሱ።

በቃሬዛ ተሸክመው መሐል ሜዳ አደረሷቸው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ፣ ደም ግን ብዙ ፈሷል፤ ወደ ደብረ ብርሃን በአምቡላንስ ተላኩ። ሸዋረግ እጃቸውን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። እጃቸው በረዶ ሆኗል።

"ሆዴን እኮ አንድም ቀን አላመመኝም" አሏት፣ እንደ መገረም ብለው።

"አውቃለሁ አባባ።"

ታውቃለች እንጂ። የጨጓራቸው ቁስልም እንዳይጮህ አፉ ተይዞ ነበር። መንገድ ላይ፣ ሞላሌ እንኳ ሳይደርሱ አረፉ።

ለቅሶው ላይ ማንም በክፉ ዓይን አላያትም። እናቷም ቀኑ ደርሶ ነው ብላ ልታጽናናት ሞከረች፤ ሸዋረግ ግን፣ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር አለች በልቧ። ያንን ቀና ብላ ሳታይ የሰጠችውን መልስ ለእናቷ እስከ ዛሬ አልነገረቻትም። አንጀቷን የሚበላት እሱ ነው።

በዓመቱ፣ ሕማማት ሊገባ ሲል እማማ አመተሥላሴ የሚባሉ አሮጊት በምርኩዝ መጡ። ወገባቸው አላስቆም ብሏቸዋል። የሐኪሙን ወረቀት ሰጧትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጾም ያስገድፋል እንዴ ልጄ ብለው ጠየቁ።

ሸዋረግ ያንኑ የአባቷን ዓይነት ክኒን አውጥታ ከፊታቸው አኖረች፤ እስክሪብቶዋንም አስቀመጠች። ከኋላ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ። እሷ ግን ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ ያከፍላሉ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ያከፍላሉ።

"ያስገድፋል እማማ። በልተው፣ ውሃም ጠጥተው ነው የሚወስዱት። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።"

እማማ አመተሥላሴ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ክኒኑን ቀስ አድርገው ወደ እሷ መለሱት፤ እንግዲያስ ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ፣ ሕመሙን እችለዋለሁ አሏት።

ሸዋረግ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ዕንባዋን መያዝ አልቻለችም። አሮጊቷ በየሦስት እርምጃው እየቆሙ፣ ወገባቸውን ይዘው እያቃሰቱ፣ በገዛ እግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።