ምድጃ አጠገብ የተከደኑት ጫጩቶች

እንጦጦ ብርድ ነው፣ እዚያ ሙቀት ምን አባቱ ይሠራል የሚለኝ ሰው ያበሳጨኛል። ያን ዓመት አላየም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትንሽ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው እየተደነቃቀፍኩ ነው። ያየሁትን ግን ማንም መጥቶ አያርመኝም።

ከብቱ በበሽታ ያለቀበት ዓመት ነው። ቤታችን የካ፣ ከተራራው ግርጌ ነበር። በልጉ ቀረ። ጽዱንና ወይራውን ከላይ የከተሙት ሰዎች ለቤትና ለማገዶ ቆርጠው ስለጨረሱት፣ ጥላ የሚባል ነገር ጠፍቷል። በቀትር በባዶ እግር ድንጋይ መርገጥ አይቻልም። በሬዎቼ ሞቱ፤ የተረፈችን የሚስቴ አንዲት ዶሮ ናት። በየካቲት አስታቀፍናት፣ ፈለፈለች። ጫጩቶቹ አድገው ቄብ ሲሆኑ እንጦጦ ገበያ አውጥተን በዘር ገብስ ልንለውጣቸው ነው። በሬ ባይኖርም በመቆፈሪያ ይዘራል፤ ዘር ከሌለ ግን ምን ይዘራል? የከርሞ ምግባችን ያለው እነዚያ ጫጩቶች ላይ ነበር።

ሚስቴ የቆላ ልጅ ናት፤ በሙቀት አገር ጫጩት ማሳደግ ከእናቷ ቤት ታውቃለች። ከግድግዳው ጥላ ሥር መሬቱን ቆፈር አድርጋ ውኃ ረጨችበት፣ ሣር ጎዘጎዘችበት። በገል ውኃ አኖረችላቸው፤ እንዳይሰምጡም ጠጠር ጨመረችበት። ጥላው ሲዞር እሷም አብራ ታዞራቸዋለች።

ችግሩ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከማርያም በላይ፣ ከተራራው አናት ይኖር ነበር፤ የእሱም በሬዎች ሲሞቱ እኛ ዘንድ ወረደ። እዚያ ላይ ጫጩት ውርጭ ይገድለዋል። ስለዚህ ቅርጫቱን በእበት ይለቀልቁና ጫጩቶቹን ከተው፣ በለምድ ከድነው፣ ምድጃ አጠገብ ያስቀምጡታል። ለዚያ አገር ደግ ነው። ወንድሜ ግን ተራራውን ተሸክሞ የወረደ ይመስል ነበር።

“ጫጩት እንዲህ ደጅ ላይ ይበተናል?” አላት ሚስቴን። “መንገደኛው ሁሉ ተርቧል። የተራበ ዓይን ያየው ጫጩት አያድግም።”

“አያ፣ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ አያዩም? ክንፋቸውን ዘርግተዋል እኮ። ሙቀት ነው።”

“ብርድ ነው! ጫጩት አፉን የሚከፍተው ሲበርደው ነው።”

“እርስዎም እንግዲህ ሲበርድዎት ነው መሰለኝ እንዲህ የሚያልብዎት።”

እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ምንጩ ስለደረቀ ውኃ የምንቀዳው ከሩቅ ነበር። አንድ ቀን ጫጩቶቹን ለእሱ ትተን፣ እኔና ሚስቴ እንስራ ይዘን ወረድን። ስንመለስ ከጥላው ሥር ምንም የለም። ዶሮዋ ደጅ ለደጅ እየዞረች ትጮኻለች። ቅርጫቱ እርጥብ እበት ተለቅልቆ፣ ለምድ ለብሶ፣ የሚነድ ምድጃ አጠገብ ተቀምጧል። ወንድሜ ሙቀቱን ሸሽቶ ውጭ ተጋድሟል! ለምዱን ስገልጠው እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ጫጩቶቹ እርስ በርስ ተነባብረው ሞተዋል።

ከጠርዙ ያሉት ጥቂቶቹ ይተነፍሱ ነበር። ሚስቴ እነሱን ለቅማ አውጥታ አፋቸውን ውኃ አስነካች፣ እግራቸውን አረጠበች። እኔ ቅርጫቱን ከነሬሳው አንሥቼ ወጣሁና ወንድሜ እግር ሥር ወረወርኩት።

“ብላ!” አልኩት። “ዓይን አልበላቸውም፤ አንተ በላሃቸው!”

“እኔ ባልከድናቸው ኖሮ አንድም አይተርፍልህም ነበር” አለኝ።

ዛሬም ይህን ቃል ሳስበው ደሜ ይፈላል። ስሕተት ማንም ይሠራል። ሬሳ እያዩ እንዲህ ማለት ምን ዓይነት ልብ ነው?

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ስለ ጫጩቶቹ አንድም ሰው አልጠየቀም። የከነከናቸው ታናሽ ታላቁን መድፈሩ ነው። እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመህ “ማረኝ” በል ተባልኩ። እንቢ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

“ተሸከመው፣ ምን አለበት” አለችኝ ሚስቴ። “ብቻ ወንድምህን ሳታስምለው እንዳታወርደው።”

ትልቁን ድንጋይ መርጬ ትከሻዬ ላይ አወጣሁና ፊታቸው ጎንበስ ብዬ ቆምኩ።

“ማረኝ በል እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?” አለኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

“የተረፉትን ዳግመኛ እንዳይነካ ይማል። ያን ጊዜ እላለሁ።”

“አንተ ሰውዬ፣ ይቅርታ ጠያቂ ነህ ወይስ ከሳሽ?”

“ተሸካሚ ነኝ። እስኪመሽም እቆማለሁ።”

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት፤ ሽማግሌዎቹም ማለክለክ ጀመሩ። በመጨረሻ የተቆጡት ወንድሜን ነው። “ማልና እንሂድበት!” አሉት። በማርያም ስም ማለ። እኔም “ማረኝ” አልኩና ድንጋዩን ጣልኩት። ከልቤ አልነበረም፣ አሁንም አይደለም።

መሐላውን ግን ጠበቀ፤ የተረፉትም ሚስቴ እጅ አደጉ። ገበያ ወስደን ያገኘነው ዘር ለግማሹ መሬት እንኳ በጭንቅ በቃ፤ የቀረው ጦም አደረ። ክረምቱ ሲገባ ወንድሜ ከእኔ ጎን ሆኖ ቆፈረ። ጉልበቱን አልሰሰተም፤ ይህን አልክድም። ዘሩ ያለቀበት ቦታ ስንደርስ ቀና ብሎ ባዶውን መሬት አየና፣ “ይህንንስ ለምን ተውከው?” አለኝ።

መቆፈሪያዬን አንሥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።