የቀይ ጨርቁ ልክ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልጄ ልብስ ልታሰጣ ግቢ ወጥታ፣ የልብስ ገመዱን ደግፎ የሚያቆመውን ቀርከሃ ስታገላብጥ አየኋት። ዘንጉ ላይ አንድ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ቀይ ነበር ብል ይሻላል፤ ፀሐይና ጨው ተባብረው አሁን የሽንኩርት ልጣጭ አስመስለውታል። ልትፈታው ቋጠሮውን ስትጎረጉር ደርሼ እጇን ያዝኩ። ‹‹አባ፣ ይሄ ለምንድነው?›› አለችኝ። ‹‹ተይው›› አልኳት። ዘንጉን ተቀብዬ ጨርቁን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ባህር ባህር ይሸታል ብዬ ነበር፤ የሚሸተው ሳሙና ብቻ ነው።

እንዲህ አይነት ጠያቂ ልጅ ከየት መጣች እንዳትል፤ ከእኔ ነው የመጣችው። እናቴ ‹‹አንተን ስወልድ መጀመሪያ የወጣው አፍንጫህ ነው›› ትለኝ ነበር። የሰው ጉዳይ እስከ ሥሩ ካላወቅሁ ምግብ አይወርድልኝም። የዚህን ዘንግ ነገርም ያወቅሁት በዚያው አመሌ ነው፤ ላጫውትህ።

እዚህ አል-ሚምዳራ ሰፈር ከመግባቴ በፊት፣ በጉርምስናዬ፣ ራስ ኢምራን በሚባል የባህር ዳር መንደር አጎቴ ዘንድ ነበር የምኖረው። አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። ሁለቱም ድሬዳዋ ተወልደው አድገው ወደ አባታቸው አገር የተመለሱ ናቸው። አጎቴ ባህርን ያየው ጢም ካበቀለ በኋላ ቢሆንም ጎበዝ ዓሣ አጥማጅ ወጥቶታል። ሲደሰት በአረብኛ ይዘፍናል፣ ሲናደድ በአማርኛ ይሳደባል፤ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ የሚሰማው አማርኛ ነበር። እኔ መረብ እጠግናለሁ፣ ጀልባ አብሬው እወጣለሁ። መንደሩ የደረቀ ዓሣና የቤንዚን ሽታ አይለየውም። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ ከውሃው ላይ ነጥሮ ዓይን ያጨናብሳል።

እንዲህ ባለ አንድ ጠዋት ነው፣ መረብ ዘርግቼ ተቀምጬ ሳለ፣ አንድ ሰው ባህር ውስጥ ሲሄድ ያየሁት። ሲዋኝ አላልኩም፤ ሲሄድ። ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ፣ በእጁ ረጅም ዘንግ ይዞ። አንድ እርምጃ ይራመድና ይቆማል። ዘንጉን ከፊቱ አሸዋው ላይ ይተክላል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ከዚያ ሌላ እርምጃ። አንዳንድ ቦታ ሲደርስ ደግሞ እሳት እንደነካው ሰው ወደ ኋላ ይመለሳል።

ሰውየውን አውቀዋለሁ። ከእኔ ብዙ የማይበልጥ የወሎ ልጅ ነው። ከጀልባ ወርዶ ባህር ዳር ወድቆ አጎቴ አገኘውና ጀልባ እያጠበ፣ በረዶ እየተሸከመ አብሮን ከረመ። አብረውት የወረዱት ሳዑዲ እንገባለን ብለው በመጡበት ቀን መንገድ ጀምረዋል። እሱ ብቻ ቀረ። ለምን እንደቀረ ብዙ ጊዜ ጠይቄው ‹‹ትንሽ ሹጉል አለችኝ›› ከማለት በቀር ወሬ አላገኘሁበትም። ሹጉል የሚላት ሥራ ይህች መሆኗ ነው እንግዲህ ብዬ መረቤን ትቼ ወደ ውሃው ገባሁ።

ምን ዓሣ ነው በእንጨት የሚያዘው አልኩት። ሳቀ። ‹‹መንገድ ነው የምፈልገው›› አለ። በባህር ውስጥ ምን መንገድ አለ ስለው ‹‹በእግር የሚኬድበት›› አለኝ፣ የቀለደም ሳይመስል።

አጎቴ ይህን ሲሰማ እስኪያለቅስ ሳቀ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ሙሀንዲስ ሆኖ ቀረ። ‹‹ያ ሙሀንዲስ፣ አስፋልቱ የት ደረሰ?›› ይለዋል ሻይ ሲጠጡ። ሙሀንዲሱም ‹‹ኢንሻአላህ ይደርሳል ያ ዓሚ›› ይልና፣ አጎቴ ማለቱ ነው፣ ሻዩን ይጨርሳል።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ቀስ እያለ፣ እየቆራረጠ ነገረኝ። ሰው የሚያሻግሩት ጀልባዎች ዳር ድረስ መምጣት ይፈራሉ። ከሩቅ፣ ውሃው ውስጥ ካለው የአሸዋ ጉብታ ላይ ሰዉን ገፍትረው አውርደው ይመለሳሉ። ጉብታው ላይ ውሃው ወገብ ነው። ‹‹እኛ አገር ወንዝ ወደ ዳር ስትጠጋ ይጎድላል›› አለኝ። ‹‹እግራችን መሬት ሲነካ አልሐምዱሊላህ አልን። ከዚህ ወዲያማ ይጎድላል ብለን ወደ ዳር ሮጥን። ያገሬ ልጅ ከፊቴ ነበር።›› ከዚህ በኋላ ያለውን አልተናገረም፤ እኔም፣ አፍንጫዬ ያን ቀን ብቻ አደብ ገዝቶ፣ አልጠየቅሁም። በጉብታውና በዳሩ መካከል ሰው የሚውጥ ጉድባ አለ። የመንደሩ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ደገኛ ግን ከየት ያውቀዋል? እሱ ባዶ ጀሪካን ይዞ ስለነበር ነው የተረፈው።

ሲለካ ሲለካ ያገኘውም ይህ ነው። የአሸዋው ጉብታ ወደ ዳር ቀጥ ብሎ አይመጣም፤ ወደ ጎን ይታጠፍና ከአንድ ጥቁር ቋጥኝ አጠገብ ከየብስ ይገናኛል። ወደ ዳር ያልሮጠ፣ ወደ ጎን የዞረ ሰው ጉድባው ሳያገኘው ይወጣል። ለዚህ ነው ባህሩ ሞልቶ ሳለ የሚለካው፤ ሲጎድልማ ማንም ያልፋል ይላል። እግሩን ባስተማመነው ቦታ ሁሉ አሸዋ የሞላ ጆንያ እያሰጠመ፣ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ያስርበታል። ከጀሪካን ጀሪካን ደግሞ ገመድ ይወጥራል። ጀሪካኑን ከየባህር ዳሩ ይለቅማል፣ የተበጠሰ ገመድ ይቀጥላል። ቀን ሥራውን ጨርሶ ሌላው ሰው ቃት ሲቅም፣ እሱ ከግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይቋጥራል።

ዋና አያውቅም። አንዴ ጉድባው አፍ ላይ አሸዋው ከድቶት ጎትቼ አወጣሁትና፣ ሞኝ አትሁን ዋና ላስተምርህ አልኩት። እሺ ብሎ ሞከረ፤ ወገኛ ነው፣ እጄን ስለቅቀው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሆዴን ይዤ ስስቅ፣ የዋጠውን ውሃ ተፍቶ ‹‹እኔ ዋና ብችል የሚመጡት አይችሉ›› አለኝ። ዘንጉን አንስቶ ወደ ልኬቱ ተመለሰ።

እኔን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፤ ይሄ ቀይ ጨርቅ። ሙሀንዲሱ ረጅም ነው። ጨርቁ የታሰረው ከዘንጉ ላይ ደረቱ ጋ ነው። ውሃው ጨርቁን ካለፈ፣ ለእሱ ገና ደረቱ ላይ ሳለ፣ መንገድ አይደለም ብሎ ይመለሳል። አገጩ ድረስ ቢገባ እኮ በአቋራጭ ይወጣል። ከታጠፈው ጉብታ መሐል ላይ የሚያስወጣ አጭር መንገድ ነበር፤ ውሃው ከጨርቁ በአንድ ጋት ያህል ስለሚበልጥ ብቻ ተወው። ረጅሙን ዙሪያ፣ ከእጥፍ የሚበልጥ ጀሪካንና ገመድ የሚበላውን መረጠ። ጨርቁን ትንሽ ከፍ ብታደርገው ሥራህ ያልቅ ነበር አልኩት።

‹‹አይሆንም›› አለ።

በዚህ መሐል ነገር መጣ። አንድ ጎረቤታችን፣ ባለ አዲስ ሞተር ነው፣ ገመዱ ከሞተሩ ምላጭ ጋር ተጠላልፎበት ጀልባው መሐል ላይ ቆመች። በንዴት ገመዱን በቢላ እየቆራረጠ ለቀቀው። ጀሪካኖቹ ተበታትነው ባህር ዳሩን ሞሉት። አጎቴም ተቆጣ። ‹‹ኻላስ! አንተ ልጅ፣ ከሰው አታጣላኝ›› አለው፣ በአማርኛ ነው እንግዲህ። እኔ ሙሀንዲሱ ያኔውኑ ጓዙን ጠቅልሎ የሳዑዲን መንገድ የሚይዝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ማዳበሪያ ይዞ ጀሪካኑን ሲለቅም ዋለ። በማግስቱ ባለሞተሩ ቤት ሄዶ፣ ጀልባህ በየት በየት እንደምታልፍ አሳየኝ ብሎ ለመነው። ሰውየው እየተነጫነጨ፣ በአገጩ እየጠቆመ አሳየው። ሙሀንዲሱ ጀልባ በሚያልፍበት ቦታ ገመዱን በድንጋይ አስጥሞ፣ ሌላውን እንደገና ወጠረው። ሦስተኛው ቀን ላይ አጎቴ አሮጌ የመረብ ተንሳፋፊዎቹን አምጥቶ እግሩ ሥር ዘረገፈለት። ‹‹አስፋልቱ የት ደረሰ?›› የሚለው ቀልድም ከዚያ ወዲህ ቀረ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ አጎቴና እኔ ጀልባ ልናወጣ ስንዘጋጅ፣ ከሩቅ የሞተር ድምፅ ሰማን። ባህሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። ድምፁ ቆመ፣ ቀጥሎ ጩኸትና የውሃ መንቦጫረቅ መጣ። ሙሀንዲሱን ስፈልገው ውሃው ውስጥ ገብቷል።

ጉብታው የሚታጠፍበት፣ ከጉድባው አፍ ላይ ቆመ። ዘንጉን እንደ ኬላ አጋድሞ ይዞታል። ‹‹ወደ ዳር አትምጡ! ገመዱን ይዛችሁ ወደ ቋጥኙ!›› ይላል በአማርኛ፣ በሚያውቃት ኦሮምኛም ይደግመዋል። ሰው የት ይሰማል? የብሱ ፊት ለፊት እየታየ ወደ ጎን ሂድ የሚልን ማን ያምናል? የመጀመሪያዎቹ ወደ ዳር መጡ። ዘንጉን ደረታቸው ላይ አስደግፎ፣ በጉልበት መለሳቸው። እኔ ከኋላው ደርሼ ከጉድባው ወዲህ ቆሜያለሁ፣ ያመለጠውን እንድይዝ። አንዱ ገመዱን ጨበጠ። አንዱ ሲጨብጥ ሌላው ተከተለው። ከዚያ ቢጫ ጀሪካኖቹን ተከትሎ የሰው ሰልፍ ወደ ቋጥኙ መታጠፍ ጀመረ።

መጨረሻ ላይ አንዲት አጭር ልጅ መጣች። ሻሿን በጥርሷ ነክሳለች። ውሃው ደረቷ ጋ ደረሰ፣ ትከሻዋን አለፈ። ልዋኝላት ስል ውሃው አንገቷ ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ አላለፈም። እስከ ቋጥኙ ድረስ፣ ያን ረጅም ዙሪያ ሁሉ፣ ከአንገቷ አላለፈም። ያን ያልኩህን አቋራጭ ብናበጅ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ አሁንም አስባለሁ።

ያን ቀን ባህሩ ማንንም አልወሰደም። ሰዎቹ አሸዋው ላይ ተቀምጠው ሲንቀጠቀጡ፣ አጎቴ ውሃና ዳቦ ሲያከፋፍል፣ ሙሀንዲሱ ከአንዷ ሴት ወደ ሌላዋ እየሄደ ፊት ለፊታቸው ጎንበስ ይላል። ሁሉንም አይቶ ጨረሰና ለብቻው ሄዶ ተቀመጠ። ፊቱ እንደ ተሸነፈ ሰው ነበር። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

‹‹ይሄ ጨርቅ የማን ልክ ነው?›› አልኩት።

‹‹የእህቴ›› አለ። መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ። ‹‹ከቤት ስወጣ አቅፌያት ነበር። አንገቷ እዚህ ጋ ነው። አትምጪ ብያት ነበር፤ ከኋላዬ እምቢ ብላ ወጣች። ጀልባ የሚነሳበት ኦቦክ ደርሻለሁ ብላ ደወለች፣ ከዚያ ስልኩ ጠፋ።››

አሁን አድጋ እንደሆነስ አልኩት፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

‹‹ብታድግ ደስ ይለኛል›› አለ። ‹‹መንገዱ ግን ባላደገችው ልክ ይሁን።››

ከዚያ በኋላም ጀልባ መጣ፣ ሰው ወረደ፣ እሱም ጉድባው አፍ ላይ ቆመ፣ እኔም ከኋላው። የነፋሱ ወቅት ሲያልፍ አሸዋው ቦታ ቀይሮ ስለሚገኝ እንደገና ሀ ብሎ ለካ። እህቱ አልመጣችም። በየጊዜው የሚወጡትን ፊት ፊታቸውን ያያል፤ እኔ ደግሞ የእሱን ፊት አያለሁ። በመጨረሻ ከወረዱት መሐል ያገሩ ሰው ተገኘ። እህትህ በሌላ ጀልባ ወደ ባብ አል-መንደብ በኩል ወርዳለች፣ በሰሜኑ መንገድ ስትሄድ አየኋት የሚል ሰው ነግሮኛል አለው። እውነት ይሁን ማጽናኛ እሱም አላወቀም፣ እኔም አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላ ጫማውን አድርጎ፣ አንድ ፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ዘንጉን ሰጠኝ።

‹‹ነፋስ ባለፈ ቁጥር ለካው›› አለኝ። ‹‹አደራህን፣ ጨርቁን ከፍ እንዳታደርገው።››

አስፋልቱን ይዞ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ስንት ነገር ስጠይቀው ኖሬ የእህቱን ስም አለመጠየቄ ትዝ ያለኝ እሱ ከዓይኔ ከራቀ በኋላ ነው። ሮጬ ልደርስበት አስቤ ነበር፤ አጎቴ ከጀልባው ሆኖ ተጣራና ቀረሁ።

ራስ ኢምራን እስካለሁ ድረስ እኔ ለካሁ። አግብቼ ወደዚህ ልዛወር ስል፣ አጎቴ ሌላ ቀርከሃ ቆርጦ ከዚህኛው ጎን አስተኛና ልኩን ወሰደ፤ ቀይ ጨርቅም አሰረበት። አሁን አጎቴ የለም፣ አላህ ይርሐመው። ባለፈው ዒድ ልጠይቃቸው ስሄድ የአጎቴ ልጆችና የዚያ ገመድ የቆረጠው ሰውዬ ልጅ ከነዘንጋቸው ውሃ ውስጥ ነበሩ። ይህን ነገር ማን ጀመረው ብዬ ሆን ብዬ ጠየቅኋቸው። ሁሌም እንዲህ ነበር አሉኝ።

ልጄ ልብሱን ሰቅላ ጨርሳ ባዶ ሳፋዋን ታቅፋ ቆማለች። ‹‹አልነገርከኝም እኮ›› አለች። ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ቀጥ ብላ እንድትቆም አደረግኋት። ዘንጉን ከጎኗ አቆምኩት። ጨርቁ አንገቷ ላይ፣ ልክ ከአገጯ ሥር አረፈ። ባለፈው ዓመት ብትቆም ኖሮ አፏን ይሸፍነው ነበር።

‹‹የአንዲት ልጅ ቁመት ነው›› አልኳት።

‹‹የማን?››

‹‹ስሟን አላውቀውም።››

ሳፋዋን መሬት አስቀመጠችና ቅድም ያላላችውን ቋጠሮ መልሳ አጠበቀችው።