ሚፍታህ የሚመርጣቸው የእስር ቤት ፊልሞች

ታስሮ የወጣ ሰው የእስር ቤት ፊልም ምን ይሁነኝ ብሎ ያያል? ሚፍታህን ብዙ ሰው ይህን ጠይቆታል፤ እሱም ራሱን ጠይቋል። 

አሶሳ ገበያ ዳር ባለች ጠባብ ሱቁ በፍላሽና በሚሞሪ ፊልም ይጭናል። የህንዱም የቱርኩም ተከታታይ አለው። ለደንበኛ የሚመርጠው ግን ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ስለ ወንጀል፣ ስለ እስር ቤት፣ ስለ ፍርድ። ይበልጡን ያለ ጥፋታቸው ስለታሰሩ ሰዎች። መጨረሻ ላይ በሩ ይከፈታል፣ እናት ትሮጣለች፣ ሰውየው ተንበርክኮ ያለቅሳል። ሚፍታህ እዚያ ሲደርስ ወደ ኋላ መልሶ ደግሞ ያየዋል። እሱ የተፈታ ዕለት አላለቀሰም። ሻይ ጠጥቶ ቤቱ ገባ።

ከመታሰሩ በፊት ጉባ፣ ሕዳሴ ግድብ ላይ ሲሠራ ከርሞ በብርቱካንማ አንጸባራቂ ሰደርያው ነበር የተመለሰው። በዚያው ሰሞን አንድ የእህል መጋዘን ተዘርፎ ዘበኛው ክፉኛ ተደበደበ። ጎረቤቱ ጀዕፈር፣ የበርበሬ ነጋዴው፣ ሰደርያ የለበሰ ሰው ሲሮጥ አየ። ፍርድ ቤት ቀርቦም "ሚፍታህ ነው፤ ፊቱን አይቻለሁ" አለ። ሠራተኞች ከጉባ እያመጡ የሸጡትን እንደዚያ ያለ ሰደርያ ያኔ ግማሹ የከተማው ባጃጅ ነጂ ለብሶት ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ ሌባ በሌላ ስርቆት ተይዞ የመጋዘኑንም አመነ፤ ሚፍታህ ተለቀቀ።

አንድ ጠዋት ከነቀምት ተመድቦ የመጣው መምህር ኦሊያድ ፍላሹን ይዞ መጣ።

"ዛሬ እንኳ የሚያስቅ ጫንልኝ፣ በናትህ። ያለፈውን አይቼ ምግብ እምቢ አለኝ።"

"ቀንሰሃል፤ አምሮብሃል።"

"አንተ እኮ ሰው ማሰር ትወዳለህ።"

"ይሄን እይ። ዳኛዋ ጡረታ ከወጣች በኋላ የፈረደችበትን ሰው ልትጠይቅ ትሄዳለች።"

"ይታረቃሉ?"

"አብረው ይቀመጣሉ። ሌላ ነገር የለውም።"

ይህን እያሉ ሽማግሌው ጀዕፈር በሩ ላይ ቆመ። ሐጅ ሊሄድ ነው። ሐጅ የሚሄድ ሰው የበደለውን ሁሉ ዞሮ አውፍ ያስብላል፤ ይቅርታ ሳይቀበል አይነሳም። ገበያውን ሁሉ ዞሮ ሚፍታህን የመጨረሻ አድርጎታል። ኦሊያድ ሊወጣ ተነሳ።

"ተቀመጥ መምህር፣ አንተም ስማ" አለ ጀዕፈር። እሱና ሚፍታህ የሚነጋገሩት በበርታ ቋንቋ ነው፤ መምህሩ እንዲሰማ ብሎ ግን በአማርኛ ቀጠለ። "ልጄ፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አውፍ በለኝ።"

ሚፍታህ ንዴት ወይም እዝነት ይመጣ እንደሆነ ጠበቀ። አንዱም አልመጣም።

"ባልልስ?"

"ካላልከኝ ሐጄ ምን ያደርግልኛል?"

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ሼህ ጀዕፈር። ፊቴን አይተው ነበር?"

ጀዕፈር ጥምጣሙን ነካካ።

"ሰደርያውን ነው ያየሁት። ዳኛው ፊቱን አይተሃል ወይ ሲለኝ ሰው ሁሉ ይጠብቀኛል፤ የዘበኛው ልጆች ፊት ለፊቴ ናቸው። ለፖሊስ አንተ ነህ ብዬ ስለነበር፣ አላየሁም ብል ቀጣፊ የምባል መሰለኝ፤ አየሁ አልኩ። አንተ ነህ ብዬ አምኜ ነበር፣ ወላሂ።"

"ጌታ ሆይ" አለ ኦሊያድ።

ፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ወይ አንዱ ይጮኻል፣ ወይ ይተቃቀፋሉ። ሚፍታህ ምንም አልተሰማውም።

"ይሄንኑ ጁምዓ መስጊድ በር ላይ ይናገሩ። ያኔ አውፍ እላለሁ።"

"ከልብህ?"

"ልቤን እንጃ። ቃሌን ይውሰዱ።"

አርብ ከሶላት በኋላ ጀዕፈር መስጊዱ በር ላይ ቆሞ ተናገረ፤ "ፊቱን አላየሁም፤ ዋሽቼበታለሁ።" ሚፍታህ ከጫማው ክምር አጠገብ ቆሞ ሰማ። "አውፍ ብያለሁ" አለ። የሮጠም ያለቀሰም የለም፤ ጥቂት ሰዎች ሚፍታህን ጨበጡት፣ ሌላው ጫማውን ፈልጎ ሄደ።

ከተፈታ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ሌሊቱን በፊልም ነበር የሚያነጋው። ያን ቀን ሱቁን አልከፈተም። ቤቱ ገብቶ ከነልብሱ ፍራሹ ላይ ጋደም አለ፤ ውጭ ባጃጆች ይንጫጫሉ፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ ፊቱ ላይ ወድቃለች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰደው።