ቅዳሜ ገበያ ላይ የጠፋው የፈረስ ገንዘብ

በ2011 ዓ.ም. ጥር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ፣ የአጎቴ የጋሽ አለልኝ የስልክ ባንክ ሒሳብ ባዶ ሆነ። እሳቸው በዚያ ሰዓት አዲስ ቅዳም ገበያ ውስጥ ፈረስ እያዩ ነበር። ስልካቸው አብሯቸው አልነበረም።

ሥራዬ ዘገባ ነው፤ ስለ ስርቆት ብዙ ጽፌያለሁ። ይህኛው ከአእምሮዬ ያልወጣው ከሌሎቹ የተለየ ስለሆነ አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ከገንዘቡ ባለቤት ጋር ቢሮ ለቢሮ ስለዞርኩ ነው።

ጋሽ አለልኝ በጋሪ ከሰል እያመላለሱ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ያን ዓመት ፈረሳቸው ሞተባቸውና ጋሪው አጥር ሥር ተደግፎ ቀረ። የቀራቸውን በግ ሸጠው፣ ከልጃቸው ተቀብለው፣ የሌላ ፈረስ ዋጋ ስልካቸው ላይ አጠራቀሙ። በዚያ ቅዳሜ የሚፈልጉትን አገኙ። ገንዘቡን ለማውጣት ወደ ወኪሉ ሱቅ ቢሄዱ ጥሬ ብር አልቋል ተባሉ፤ በገበያ ቀን የተለመደ ነው። ስለዚህ ለባለ ፈረሱ ኪሳቸው ውስጥ ከነበረው ቀብድ ሰጡና ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጣጠሩ። ስልኩን እንደ ሁልጊዜው ቻርጅ ማድረጊያ ሱቅ ትተውት ነበር፤ ማታ ይዘውት ገቡ። በሰፈራቸው መብራት የለም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ ወዳለሁበት ወደ ቆሰበር ደወሉ።

«አንቺ፣ ባዶ ነው ይለኛል» አሉ።

«ካርድ ነው ጋሼ?»

«ካርድማ አለኝ። ያኛው ነው እንጂ። የፈረሱ።»

መልእክት መጥቶ እንደነበር ጠየቅኳቸው። «ብዙ መጥቶ ነበር። ስልኩ ሞላ ሲለኝ ጎረቤታችን መምህሩ ሁሉንም አጠፋልኝ። ደግ ሰው ነው።»

«ምስጢር ቁጥሩን ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«ማንም?»

«እኔና ወኪሉ። እሱ ነው የሚጫንልኝ፤ እኔ ፊደሉ አይታየኝም። እንግዲህ ሱቅ ውስጥ ያለው ሰውም ሰምቶ ይሆናል። በቀስታ ስነግረው አልሰማም ይለኛላ!»

አልተቆጣኋቸውም፤ ጊዜም አልነበረም። መጀመሪያ መደረግ ያለበት ሒሳቡን ማሳገድ ነው። ወደ ባንኩ የደንበኞች መስመር ደወልኩ። ከረጅም ሙዚቃ በኋላ የቀረበችው ልጅ ባለቤቱ ራሱ ካልደወለ አይሆንም አለች። ልክ ናት። ጋሽ አለልኝ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ወጥተው ደወሉ። ሒሳቡ ታገደ። ወደ ስልኩ ሌላ መልእክት ቢመጣ ማንም እንዳይነካው ነገርኳቸው።

ሰኞ በሚኒባስ ወደ ቆሰበር መጡና የባንኩ ቅርንጫፍ ጋ ተገናኘን። የቀበሌ መታወቂያቸው ጊዜው አልፎበታል። አሳድሰው ማክሰኞ ተመለሱ። የባንኩ ሠራተኛ የፖሊስ ወረቀት ጠየቀ። ፖሊስ ጣቢያ ስንደርስ ተረኛው የባንክ ወረቀት ጠየቀ። እንዲህ ዓይነቱን መመላለስ ከሥራዬ ብዙ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«ምን ብዬ ልመዝግብ?» አለኝ ተረኛው። «የተሰበረ በር የለ፣ የተያዘ ሰው የለ።»

«እሳቸው ያሉትን ብቻ ይመዝግቡ። ገንዘብ ነበረኝ፣ አሁን የለም፣ እኔ አላዘዝኩም ነው የሚሉት።»

ጋሽ አለልኝ ጣልቃ ገቡ። «የፈረስ መሆኑንም ይጻፉልኝ።»

ተረኛው ፈገግ አለና ጻፈ።

በዚያ ወረቀት ባንኩ ዝርዝሩን አወጣ። ገንዘቡ ወደ አንድ ስልክ ቁጥር ተልኳል፤ የተላከውም ከራሳቸው ስልክ ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዳንግላ ላይ ከአንድ ወኪል ግማሽ ያህሉ ወጥቷል። ግማሹ አልወጣም። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ወደ ዳንግላው ወኪል ደውላ ምክንያቱን ጠየቀች። ያን ቀን ጥሬ ብር አልቆበት ነበር። የቀረው እዚያው ሒሳብ ላይ ታገደ።

ገንዘቡ የተላከበት ቁጥር በስሙ የተመዘገበው ሰው መታወቂያዬ ከጠፋ ቆይቷል ማለቱን ከፖሊስ ሰማሁ። እውነት ይሁን አይሁን አላረጋገጥኩም። ቻርጅ ማድረጊያ ሱቁን የያዘችውን ሴትም አነጋገርኳት።

«ስልኩ ሁሉ ባንኮኒው ላይ ነው የሚደረደረው» አለችኝ። «ሰው ይመጣል፣ የራሱን ያነሣል፣ ይደውላል፣ መልሶ ይሰካል። የማንን እጅ ልያዝ? ጋሽ አለልኝን ብጠላ ኖሮ ስልካቸውን በነፃ እሞላ ነበር?»

በነፃ እንደምትሞላላቸው ራሳቸው ነግረውኛል። ከዚያ በላይ የምጠይቃት አልነበረኝም።

ቅዳሜ ደረሰ። ባለ ፈረሱ ከግምጃ ቤት በኩል የሚመጣ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ቀጠሮ ያፈረሰ ገዢ ቀብዱ እንደማይመለስለት ገበያው ሁሉ ያውቃል። ጋሽ አለልኝ የሆነውን ነገሩት። ሰውየው ከጋቢው ሥር ብሩን አውጥቶ እጃቸው ላይ አስቀመጠ።

«ቀብድህ ነው» አለ።

«ይቅር፣ ያንተ ነው።»

«ተቀበል እንጂ! ሌባ በበላህ ላይ እኔም ልብላህ?»

ፈረሱን ግን ከሰዓት በፊት ሌላ ሰው ገዛው። መልኩ ዳማ ነበር። ጋሽ አለልኝ ከገበያው አጥር እስኪወጣ ቆመው አዩትና «ሰኮናው ጥሩ ነበር» አሉ።

የታገደው ግማሽ ተጣርቶ የተለቀቀው ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ነው። የወጣው ግማሽ አልተመለሰም። የወሰደው ሰውም አልታወቀም።

አሁን ስለዚህ ነገር የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር የምመልሰው አጭር ነው። መጀመሪያ አሳግድ፣ መልእክት አታጥፋ፣ ፖሊስ ዘንድ ቃልህን አስመዝግብ፣ በዚያው ሳምንት ባንኩ ደጃፍ ቁም። ስናገረው ቀላል ይመስላል። የሚሰማኝ ንዴት አይደለም፤ ድካም ነው። ግማሹ የተረፈው በእኔ ትጋት ሳይሆን ዳንግላ ላይ ብር በማለቁ መሆኑንም አልረሳም።

ገንዘቡ በተለቀቀ ቅዳሜ ከጋሽ አለልኝ ጋር አዲስ ቅዳም ወኪሉ ሱቅ ሄድን። በመንገድ ላይ አዲሱን ምስጢር ቁጥር ለማንም እንዳይናገሩ፣ ራሳቸው እንዲጫኑ ነግሬያቸው ነበር። ቁጥሮቹንም አለማምጄያቸዋለሁ።

«ቁጥሩን ጋሽ አለልኝ» አለ ወኪሉ።

ስልኩን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቁት። አቀረቡት። እኔን አዩኝ። ከዚያ ለወኪሉ መለሱለትና አዲሱን ቁጥር ጮክ ብለው ነገሩት። ከኋላችን ሰልፍ ነበር።