ፍሪሲዮን ያልነካሁበት ዳገት

የግራ እጄ ሦስት ጣቶች የተጎዱት በሞተር አይደለም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው አባቴ እስከ ዛሬ በሞተር ነው ስለሚሉ ነው። በግንቦት ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መካነ ኢየሱስ ፊዚክስ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የብረት በር በነፋስ ተስቦ እጄ ላይ ተዘጋ። ቁስሉ ተሰፋ፣ ተሰፍቶም ዳነ። ጣቶቼ ደብተር ይይዛሉ፣ ቁልፍ ይቆልፋሉ፤ አጥብቆ መጨበጥ ግን እምቢ አሉ። ሞተር ለሚነዳ ሰው ደግሞ የግራ እጅ ሥራ ፍሪሲዮን መጨበጥ ነው። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ይጨበጣል። ከመካነ ኢየሱስ እስከ ደብረ ታቦር ባለው ዳገትና ጠመዝማዛ ስንት ጊዜ እንደሚጨበጥ ጤነኛ እጅ አይቆጥረውም፤ የእኔ እጅ ግን ቆጠረው። አሥረኛው ላይ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ።

ሞተሬ ቀይ ናት፣ ባለ ስድስት ማርሽ የስፖርት ሞተር፣ ባሕር ዳር ያገለገለች ሆና የገዛኋት። መሪዋ ዝቅ ያለ በመሆኑ ስነዳት ደረቴ ታንከሩ ላይ ይተኛል፤ የከተማው ሰው ስለዚህ «ሰጋጁ» ይለኛል። ይሳቁ። ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቼ በደብረ ታቦር በኩል ጋይንት እገባለሁ፣ ከአባቴ ጋር ምሳ እበላለሁ፣ አድሬ እሑድ እመለሳለሁ። በአውቶቡስ ከሆነ ግን መናኸሪያ ለመናኸሪያ ስጠብቅ ቅዳሜ ያልቃል፤ እሑድ ደግሞ ገና ሳይነጋ መመለሻ ፍለጋ ነው። ሞተሯ ከሄደች አባቴን የማያቸው በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚሆን አውቅ ነበር። የእሳቸው ዕድሜ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚበቃው አይደለም።

አባቴ የድጓ መምህር ናቸው። ብዙ ዘመን በድጓ በታወቀችው በጋይንቷ ቤተ ልሔም ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ከአስፋልቱ ዳር ባለው ዳገት አናት ወዳለው ቤታችን ተመለሱ። እዚያም ጥቂት ተማሪዎች ተከትለዋቸው መጡ። እኔም እንደ ተማሪዎቹ የኔታ ነው የምላቸው፤ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ፊታቸው ተቀምጬ ተምሬያለሁና። ሥርዓታቸው አጭር ነው። ተማሪው ሲስት መቋሚያቸውን አንድ ጊዜ መሬት ላይ ኳ ያደርጋሉ፣ ተማሪውም ከመጀመሪያው ይመልሰዋል። ሲያቀናው «ቀጥል» ይላሉ። ከዚህ ሌላ ምስጋና የለም። እኔ በአራት ዓመት ውስጥ ኳታውን ጠግቤያለሁ፤ «ቀጥል» ግን አንድ ቀን አልደረሰችኝም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ልግባ ስላቸው አልተቆጡም። የከነከነኝም አለመቆጣታቸው ነው።

በሐምሌ ስልክ ደወሉልኝ። ለሞተሯ ገዢ አግኝተውላት ነበር፤ የነፋስ መውጫ ጨርቅ ነጋዴ። ለመስቀል ይዣት እንድመጣና በአውቶቡስ እንድመለስ ነገሩኝ። እጄ ድኗል ብዬ ዋሸሁ። ልጓም መያዝ ለማይችል ሰው በቅሎም አላውስ፣ አሉኝ። ስልኩ ሲዘጋ ተናደድኩ፤ የተናደድኩት ደግሞ እውነታቸውን ስለሆነ ነው።

ክዊክሺፍተር ስለሚባለው ዕቃ ያነበብኩት ያን ሰሞን ነው። እግር ማርሹን ሲነካ ዕቃው ያውቅና የሞተሩን እሳት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይቆርጣል፤ በዚያች ጥቅሻ ማርሹ ያለ ፍሪሲዮን ይገባል። ለመነሣትና ለመቆም ፍሪሲዮን መጨበጥ አይቀርም። እሱን ጣቶቼ ይችሉታል። እኔን የገደለኝ መካከሉ ነው።

መምረጡ ግን የክረምቱን ግማሽ በላው። አንደኛው ዓይነት ርካሽ ነው፤ እሳቱን የሚቆርጥበት ጊዜ አንድ ነው፣ አይስተካከልም። ያንን ተውኩት፤ የማይስተካከል ነገር የሚገዛ የፊዚክስ መምህር ደመወዙን ይመልስ። ሁለተኛው ማርሽ ሲቀነስም ራሱ ነዳጅ የሚሰጥ ነው፤ ልቤ ሄዶበት ነበር፣ ነገር ግን ነዳጇ በኤሌክትሮኒክስ ለሚታዘዝ ሞተር የተሠራ ሆነ። የእኔ ነዳጇ በሽቦ የሚሳብ ነው። ሦስተኛው ማርሽ ሲጨመር ብቻ የሚሠራ፣ የሚቆርጥበት ጊዜ ግን የሚስተካከል ነው፤ ለመቀነሱ ቀኝ እጄ ነዳጁን አንዴ ነካ ቢያደርግ ያለ ፍሪሲዮን ይገባል። እሱን መረጥኩ። አዲስ አበባ ያለው ሻጭ በቴሌግራም የሞተሯን ዓይነትና ዘመን ጠየቀኝ። የእግር መርገጫውን ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ በሚያገናኘው ዘንግ ላይ ከሚታሰሩት ሴንሰሮች፣ ለእኔ ሞተር የሚሆነው ዘንጉ ሲጎተት የሚያውቀው ነው ብሎ ላከልኝ።

አሰርኩት። ወጣሁ። ማርሽ ስጨምር ምንም የለም፤ ስቀንስ ግን ሞተሯ ጭጭ ትላለች። በሚያስፈልገኝ ሰዓት ዝም፣ በማያስፈልገኝ ሰዓት ሥራ። ለሻጩ ዛሬ ሳነበው የማፍርበትን መልእክት ጻፍኩለት። ሰውየው በትዕግሥት አንድ ጥያቄ ብቻ መለሰልኝ፤ ማርሽ ስትጨምር እግርህ ያነሣል ወይስ ይረግጣል?

ይረግጣል እንጂ፣ ብዬ ልጽፍ ጣቴን ሳነሣ ነገሩ ገባኝ። እዚህ አገር ሁላችንም ሞተር የተማርነው በመሥሪያ ቤት ሞተር ነው። የግብርናው ባለሙያም፣ የጤናውም፣ መምህሩም፣ ከወገዳ እስከ እስቴ፣ በፊት እግሩ እየረገጠ ማርሽ ይጨምራል፣ በተረከዙ እየረገጠ ይቀንሳል። የስፖርት ሞተር ግን ለመጨመር ከሥር በጣት ማንሣት ይጠይቃል። እኔ የገዛኋት ሰሞን እግሬ አልለምድ ብሎ፣ ልጨምር ስል እየቀነስኩ ሁለት ጊዜ ልወድቅ ስል፣ የመካነ ኢየሱሱ መካኒክ «ማርሽ ይረገጣል እንጂ አይነሣም» ብሎ ከካምቢዮው ላይ ያለውን ክንድ ገልብጦ አሠረልኝ። ስለዚህ ሌላው ሰው የሚጎትተውን ዘንግ እኔ እገፋዋለሁ። ዕቃው ፈጽሞ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው አገር ሙሉ እግር ነው።

ሻጩን ይቅርታ ጠየቅሁ። ክንዱን ወደ ነበረበት መልስ አለኝ፤ ቀላሉ እሱ ነበር። አልመለስኩም። እጄን ያጣሁ ሰው እግሬንም እንደገና ላስተምር? ዘንጉ ሲገፋ በሚያውቀው ሴንሰር እንዲለውጥልኝ ለመንኩት፣ ለወጠልኝ። የመስቀል ሳምንት ገብቶ ነበር።

በመስቀል ማግስት ከመካነ ኢየሱስ ወጥቼ ጋይንት ገባሁ። ዕቃው ይሠራል፤ በየማርሹ ግን ስቅ ስቅ ያደርጋታል። የቤታችንን ዳገት ወጥቼ ስቆም ነጋዴው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጠላ ይጠጣል፣ አባቴ መቋሚያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በር ላይ ናቸው። ተማሪዎቹ ዜማቸውን አቋርጠው ሞተሯን ያያሉ። አባቴ ሰላምታ ሳይጨርሱልኝ ፊታቸውን ወደ ዳገቱ መለሱ።

«ትንፋሿ ይቆረጣል» አሉ። «ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ደኅና ትሻገራለች። ከሦስተኛው ወዲያ ትንፋሿ ይቆረጣል።»

ማርሽ የሚባል ነገር በዘመናቸው ነክተው አያውቁም። ዓይናቸው ከፊታቸው የተቀመጠውን ሰው አይለይም። ከዳገቱ ሥር ጀምሮ ግን አንድ በአንድ ቆጥረውኛል። እሳቱ የሚቆረጥበት ጊዜ ረዝሞ እንደሆነ፣ በካቻቢቴ ላሳጥረው እንደምችል ነገርኳቸው። ነጋዴውን ሳያማክሩ በአገጫቸው መንገዱን አሳዩኝ።

«ውረድና መልሰው።»

ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከኮርቻው ሥር ያለችውን የክብሪት ሳጥን የምታህል መቆጣጠሪያ ፈትቼ ጊዜውን አሳጠርኩ፣ ወርጄ ተመለስኩ። አበዛሁት መሰለኝ፣ አራተኛው ማርሽ አልገባም ብሎ ጮኸ። ስደርስ መቋሚያው ኳ አለ። ጥቂት ጨመርኩለት፣ ወረድኩ፣ ወጣሁ። ኳ። ስቅታዋ አሁን አምስተኛው ላይ ነች፣ ትንሽ ናት ግን አለች፣ አሉኝ። እኔ አልሰማኋትም። እኔ እላይዋ ተቀምጬ ያልሰማሁትን እሳቸው በር ላይ ሆነው ሰሙ። ነጋዴው ቢሰለችም የኔታን አቋርጦ መናገር አልደፈረም። ካቻቢቴውን የፀጉር ያህል አዞርኩትና ለሦስተኛ ጊዜ ወረድኩ።

ከሥር ተነሣሁ። ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ፤ የግራ እጄን መሪው ላይ አሳረፍኳት። ረገጥኩ፣ ሁለት። ረገጥኩ፣ ሦስት። ነዳጁን ሳልቀንስ አራት። ዳገቱ መሐል አምስት። ድምፅዋ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ መገናኛው አልተሰማኝም። አናቱ ላይ ደርሼ አጠፋኋት። መቋሚያው ከጭናቸው አልተነሣም። ተማሪዎቹ አፋቸውን እንዴት እንደሚይዙት ጠፍቷቸው እኔንና እሳቸውን ያያሉ።

«ቀጥል» አሉ አባቴ።

ለሞተሯ ይሁን ለእኔ አልጠየቅኩም። ጎልማሳ ሰው ነኝ፣ ልጆች አስተምራለሁ፣ ግን ከሞተሯ ሳልወርድ የራስ ቁሬን እንዳጠለቅሁ አለቀስኩ። ደስታ ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። የመጣሁት ሞተሬን ላለማጣት ነበር፤ ስመለስ ሞተሬንም «ቀጥል»ንም ይዤ ነው። ሲበቃኝ ወርጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ግራ እጄን ይዘው ሦስቱን ጣቶች አንድ በአንድ ዳበሷቸው፤ ስለ በሩ ግን ዛሬም አላመኑኝም።

ነጋዴው ጠላውን ጨርሶ፣ እንግዲህ እኔስ የኔታ፣ ብሎ ጠየቀ። በአክብሮት ነው የጠየቀው። ልጁ ትምህርቱን ገና መጀመሩ ነው፣ ሲጨርስ ሞተሯን እንልክልሃለን፣ አሉት። ሰውየው ሳቀ፤ ጨዋ ሰው ነው። በአውቶቡስ መጥቶ ኖሮ፣ በዚያ ሰዓት መመለሻ አውቶቡስ አልነበረምና ከኋላዬ ጭኜ ነፋስ መውጫ አደረስኩት። እስከዚያ ድረስ ፍሪሲዮን የጨበጥኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ስነሣና ስቆም።